የኔ የት አለ?

ቡላው የመጣው በነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ ነበር። ቋጠሮው ከመጥበቁ የተነሳ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ውስጡ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነገር ነው፤ ግማሹ ጓል፣ ግማሹ ዱቄት። አንዱን ጓል በሁለት ጣቴ ጫን ስለው ክሽ ብሎ ፈረሰ። ሽታው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፣ ከበስተኋላው ደግሞ ትንሽ የቦካ ነገር አለው። ይህን ሁሉ አሁን በደንብ አስታውሳለሁ። ያን ዕለት ግን አንዴ አሽትቼ ወደ ጎን አደረግኩት። ዓይኔ የሄደው ሌሎቹ ላይ ነበር።

ነገሩ ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልተቀየመም። የቀረበው ሁሉ ተበልቶ ብርጭቆው ታጥቧል። እኔ ግን ድስት ባነሳሁ ቁጥር አንዲት አጭር ጥያቄ ትመጣብኛለች። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዕቁባችን ስምንት ሴቶች ነን። በየወሩ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ባለተራዋ ቤት እንሰበሰባለን። ዕጣ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬው ይደራል። በዚያ ወር ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ቤቴ ሀዋሳ አቶቴ ነው። ሥራዬ ኬክ ነው፤ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሰርግ በትእዛዝ እሠራለሁ። ይህን አይታ ነው ታናሻችን ሐሳቡን ያመጣችው። በውጭ ሀገር ቴሌቪዥን የምትከታተለው የምግብ ውድድር አለ። ተወዳዳሪዎቹ የተዘጋ ቅርጫት ይሰጣቸዋል። ሲከፍቱት አንድ ድስት ውስጥ ገብተው የማያውቁ ነገሮች ያገኛሉ። ከእነሱ በሠላሳ ደቂቃ ጣፋጭ ሠርተው ዳኞች ፊት ያቀርባሉ። አንዱን እንኳን መተው አይቻልም። «አንቺም እንደዛ ትሠሪልናለሽ» አለችኝ። ሌሎቹም ቶሎ ተስማሙ።

አራት ሰው አንዳንድ ነገር አምጥቶ ያስቀምጣል። ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። ቤቴ ካለው ማር፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ፍራፍሬ መጨመር ይፈቀድልኛል። ሰዓት የሚቆጥርልን ደግሞ ቡናው ነው። ቡናው ሲቆላ ቋጠሮዎቹን እፈታለሁ፤ በረካ ሲቀዳ ጣፋጩ ይቀርባል። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ከስምንታችን አራቱ ጿሚዎች ናቸው። ስለዚህ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ኬክ ለሚሠራ ሰው እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ምን እንደሚቀር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እኛ ቤት ከምግብ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው። ጣፋጭ የሚባል የራሱ ተራ ያለው ነገር አላደግንበትም። ድግስ ላይ ፍራፍሬ ይቀርባል፣ ልደት ላይ ኬክ ይቆረሳል። ከዚያ ውጪ ዳቦ በማር ካገኘን ጠግበን እናድራለን። ለዚህ ይመስለኛል ጨዋታው ያጓጓኝ። ገና ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነው። ማንም «እንዲህ አይሠራም» ብሎ አያርመኝም ብዬ አሰብኩ።

ቡናው እስኪደርስ

አስተማሪዋ ያመጣችው ጤና አዳም ነው፤ ከአጥሯ ሥር የቀጠፈችው፣ ገና ጤዛው ያልደረቀ። ባለሱቋ የተለቀመ ሱፍ አመጣች። ታናሻችን በትንሽ ፌስታል ሚጥሚጣ ይዛ መጣች፤ ልታስቸግረኝ እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል። አራተኛው ቡላው ነው። ያመጡት እማማ ናቸው። ዕቁቡ ውስጥ ያለችው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው ግን ቡናው ላይ አይቀሩም። ትውልዳቸው የሲዳማው ሀገረ ሰላም ነው። ቡላው ከእህታቸው የእንሰት ጓሮ እንደመጣ ልጃቸው ቆይታ ነገረችኝ።

ቡናው መንጣጣት ሲጀምር አራቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ሱፉ አላስጨነቀኝም። ሱፍ የጾም ወተት ነው። በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በጁስ መፍጫው ፈጨሁት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቅኩት። ነጭ፣ ቅባት ያለው ፈሳሽ ወረደ። ጤና አዳሟ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ቡና ላይ ጣል ስትደረግ ደስ ትላለች፤ ብዙ ከቆየች ትመራለች። ነርሷ ጓደኛችን ደግሞ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር እንደማይሆን ራሷ ከሳሎን ጮክ ብላ አስታወሰችኝ። የእሷን ብርጭቆ ለብቻ ለየሁ። ለሌሎቻችን ማር ለብ አድርጌ፣ አንድ ዘለላ ነክሬ፣ ሽታው ሲወጣ ወዲያው አወጣሁት።

ሚጥሚጣው ጋር ትንሽ አሰብኩ። ሚጥሚጣ ያቃጠለው ሰው ውሃ ቢጠጣም አይበርድለትም። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ ቅባት ያለው ነገር ያስፈልገኛል። ሀዋሳ ሆነሽ ደግሞ ቅባት ያለው ፍሬ ካሰብሽ አቮካዶ ነው። ግቢዬ ካለው ዛፍ የወረዱ ሁለት ለስላሳ አቮካዶዎች ነበሩ። ከሎሚ ጋር ፈጨኋቸው፤ ሎሚው እንዳይጠቁር ይይዘዋል። እሳት ላይ ግን አላወጣሁትም። አቮካዶ ሲሞቅ ይመራል፤ ይህን አንድ ጊዜ በገዛ እጄ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ሚጥሚጣ ውስጥ ኮረሪማና ጨው አለ። አንድ ቁንጥጫ ከማሩ ጋር ሲገናኝ ጨውዋ ጣፋጩን ከፍ ታደርገዋለች፣ ኮረሪማው ደግሞ ይሸታል። ደስ አለኝ።

ቡላው ቀረ። ከቡላው ሁለት ማንኪያ ወሰድኩ። በቀዝቃዛ የሱፍ ወተት በጠበጥኩት፣ ስኳር ጨመርኩ፣ እሳት ላይ አማሰልኩት። ወፈረ። ክሬም ሆነ። በቃ።

ጁስ ቤቶቻችን ስፕሪስ እንዴት እንደሚቀዱ ታውቃላችሁ፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደባለቅ። እንደዚያ አድርጌ ረጃጅም ብርጭቆ ውስጥ ደረደርኩት። ታች ነጩ ክሬም፣ መሃል አረንጓዴው አቮካዶ፣ ከላይ ወርቅማ ማር። የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ሚጥሚጣ በስኳር ለውሼ ዞር ዞር አደረግኩበት። ከላይ አንዲት የጤና አዳም ቅጠል አስቀመጥኩ። አምሮ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱት። በረካው ሲቀዳ እኔ ትሪዬን ይዤ ገባሁ።

ማንኪያው ታች ሲደርስ

መጀመሪያ የጮኸችው ታናሻችን ናት። ሚጥሚጣው ከንፈሯን ነካት። «የኔ መጣ!» አለች፤ እየሳቀች አፏን ታራግባለች። አስተማሪዋ ዓይኗን ጨፍና «ጤና አዳሜ ማሩ ውስጥ ናት» አለች። ባለሱቋ ሁለት ጊዜ ቀምሳ፣ «ይሄ ነጩ ሱፍ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀች። ወተት መስሏት ደንግጣ እንደነበር ነገረችን።

እማማ ቀስ ብለው ነበር የሚበሉት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዙረው በብርሃን አዩት። ማንኪያቸውን በማሩ አሳልፈው፣ በአቮካዶው አሳልፈው፣ ታች ድረስ ሰደዱት። ከታች ያለውን ለብቻው አወጡና ቀመሱ። አንድ ጊዜ። ደግመው ቀመሱ። አንድ ነገር ጠፍቶበት መሶብ ከፍቶ እንደሚፈልግ ሰው ፊታቸው ትንሽ ተሰበሰበ።

«ቆንጆ ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን የኔ የት አለ?»

«ነጩ ውስጥ ነው እማማ። እሱ ነው ያወፈረልኝ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ማንኪያውን ላሱት። «ታዲያ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ። ወተቷንም አላየሁ።»

ሁሉም ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እማማ ብርጭቆውን ጨርሰው መረቁኝ። ሲወጡ ጉንጬን ስመውኛል። ቅር ያላቸው ነገር አልነበረም፤ እርግጠኛ ነኝ። ጥያቄውን የጠየቁትም ጥፋት ፍለጋ አይደለም። የላኩት ዕቃ ደረሰ ወይ ብለው እንደሚጠይቁት ነው የጠየቁኝ።

ማታ ዕቃ ሳጥብ ያቺን የነጠላ ቁራጭ አገኘኋት። መደርደሪያው ጥግ ተጨማዳ ተቀምጣለች። የተረፈውን ቡላ ቆርቆሮ ውስጥ ስገለብጥ ነጭ ብናኝ አየሩ ላይ ቀረ። ጨርቁን አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ ጠዋት አጣጥፌ ልወስድላቸው አሰብኩ። ግን እጄ አልነሳልኝም። እናቴ ዕቃ ባዶውን አይመለስም ትል ነበር። ሳህን ከመጣልሽ ሳህኑ ላይ አንድ ነገር አድርገሽ ነው የምትመልሺው። በዚህ ጨርቅ ላይ ምን አድርጌ ልመልስ? የራሳቸውን ቡላ? ወይስ ከቡላቸው የሠራሁትን? የሠራሁት ነገር ውስጥ እኮ ቡላቸው የለም።

ሌሎቹ ሦስቱ የየራሳቸውን አገኙ። ሚጥሚጣ አንድ ቁንጥጫ ናት፣ ግን ተናገረች። ጤና አዳም አንድ ዘለላ ናት፣ ግን ተሰማች። ከሁሉም ብዙ የደከመበት፣ ከሁሉም ሩቅ የመጣው ቡላው ነው። እሱ ብቻ ድምፁ አልተሰማም።

መደበቅ

ለምን እንደዚያ አደረግኩ? ብዙ ቀን አሰብኩበት። ጊዜ አጥሮኝ ነው ልል ነበር፤ ግን በረካው እስኪቀዳ እኔ ብርጭቆ እያስጌጥኩ ነበር። ጊዜ ነበረኝ። ጾም ስለሆነ ነው ልል ነበር፤ ቡላ ግን ራሱ የጾም ምግብ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሙያዬ ያስተማረኝ መደበቅ ነው። ቫኒላ የማደርገው እንቁላሉ እንዳይሸት ነው። ክሬም የምቀባው ኬኩ ከተሰነጠቀ እንዲሸፍንልኝ ነው። ቀለም የምጨምረው የዱቄቱን ቀለም እንዳይመስል ነው። ደንበኛ ስልኩን ያሳየኛል፣ «ይህን የመሰለ» ይላል። የእኔ ሥራ ያለኝን ሁሉ ያንን ፎቶ እስኪመስል ማድረግ ነው። ይህን መናቄ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው፣ እወደዋለሁም። ግን እንግዳ ነገር እጄ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሐሳብ «ይህን የት ልሰውረው» የሚል ሆኗል።

ቡላውን ሳይ ደግሞ አእምሮዬ ወዲያው ስም ሰጠው። ስታርች። መደርደሪያዬ ላይ በካርቶን የማስቀምጠው የበቆሎ ስታርች አለ፤ ክሬም ማወፈሪያ ነው። ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የሚወደድለትም ለዚሁ ነው። ቡላውን በእሱ ቦታ አስገባሁትና ሁለት ማንኪያ ለክቼ ጨረስኩ። እንግዲህ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ዙሪያዋን እንሰት የከበባት ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ዓመት ሙሉ ማወፈሪያ በካርቶን እገዛለሁ። እንሰቱ ራሱ በር አንኳኩቶ ሲመጣ ደግሞ በካርቶኑ ስም ጠራሁት።

ቡላ እንዴት እንደሚገኝ እማማ በአጥር ላይ ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ሲደርስ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ይጨመቃል። ከጭማቂው ታች የሚረጋው ነጭ ነገር ነው ቡላ የሚባለው። ብዙው ቆጮ ይሆናል፤ ቡላው ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ አራስ ሲጠየቅ ነው የሚወጣው። በሀገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ግን ለድስቴ አልነገርኩትም።

አንድ ቀን ደግሞ ስለ ፊቼ ጨምበላላ አነሱልኝ። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ሲደርስ ሀዋሳ ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። እማማ ግን ያወሩኝ ስለ ቤቱ ነው። ማታ ቤተሰቡ ቡርሳሜ ከብቦ ይቀመጣል። ቡርሳሜ የሚሠራው ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ነው። ስሰማቸው አንድ ነገር ልብ አልኩ። ቅቤውና ወተቱ ለእንሰቱ ነው የመጡት። እሱ መሃል ተቀምጧል፣ እነሱ ያጅቡታል። እኔ ደግሞ አገላብጬው እሱን አጃቢ አደረግኩት።

ታናሻችን የምታየውን ውድድር እኔም ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ዳኞቹ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ፤ ቅርጫቱ ውስጥ የነበረውን ነገር አላገኘነውም ይላሉ። መጀመሪያ ጥብቅነት ይመስለኝ ነበር፤ ሁሉም ተጠቅሟል እኮ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ እል ነበር። አሁን ግን የእማማ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። መጠቀም ሌላ፣ መገኘት ሌላ።

የቆርቆሮው ቡላ

ቆርቆሮ ውስጥ የቀረው ቡላ ሁለት ኩባያ ገደማ ነበር። ጾሙ ሳይፈታ ልጨርሰው ወሰንኩ። ሕጉ እንደ በፊቱ ነው፤ አራቱም ይገባሉ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይገቡም። ልዩነቱ አንድ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚበላ ሰው መጀመሪያ «ቡላ» ማለት አለበት።

መጀመሪያ ምጣድ ላይ በደረቁ አመስኩት። ሽታው ደስ አለኝ፤ የገብስ ቆሎ ሽታ መጣ። ግን ወደ ድስት ስጨምረው ወጥ ሆኖ ቀረ፣ አልወፍር አለ። ስታርች በደረቁ ሲቆላ የማወፈር ኃይሉን ያጣል። ደከም አለኝ፤ ግማሽ ኩባያ ቡላ ሄደ።

ቀጥሎ ብዙ ቡላ፣ ብዙ ስኳር፣ ሎሚም አብሬ አፈላሁ። ትኩስ ሳለ ጥሩ ነበር። ሲቀዘቅዝ ይቆረጣል ብዬ ስጠብቅ ሳህኑ ላይ ተንጣሎ ተኛ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስኳር ውሃውን ለራሱ ይይዛል፣ ቡላው የሚጠጣው ያጣል። ሎሚው ደግሞ አብሮ ሲፈላ የረጋውን ያላላዋል። ይህን ከኬክ ሥራዬ አውቀዋለሁ፤ የሎሚ ክሬም ስሠራ ሎሚውን መጨረሻ ላይ ነው የምጨምረው። ለቡላ ግን ያንን ዕውቀት አልሰጠሁትም ነበር።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቡላው ውስጥ ጣፋጭ ማስገባት የለብኝም። ጣፋጩ ከውጭ ይምጣ፣ ቡላው ራሱን ችሎ ይቁም።

በሦስተኛው የሱፍ ወተቱን አወፍሬ ጨመቅኩት፣ ውሃውን ቀነስኩ። ቡላውን መጀመሪያ በቀዝቃዛው በጥብጬ በወንፊት አሳለፍኩት፤ ካልሆነ ይጓጉላል። ጨው ብቻ። ስኳር የለም። እሳቱን ቀንሼ በእንጨት ማማሰያ ያዝኩት። መጀመሪያ እንደ ወተት ይንሸራተታል። ከዚያ ድንገት ማማሰያው ይከብዳል። ነጩ ቀለም ከጠርዙ ጀምሮ ይጠፋል፤ ግራጫ፣ ከዚያ ቡናማ ነገር፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለቡላ ይበቃዋል፣ ጊዜ ከሰጡት። ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ አፍስሼ በማንኪያ ጀርባ ደለደልኩት።

ያን ሌሊት ፍሪጅ አሳደርኩት፤ እሱም ስህተት ነበር። ጠዋት ትሪው ላይ ውሃ ተጠራቅሟል፣ ቡላው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንደገና ሠራሁ። በዚህኛው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሱቅ ደርሼ ተመለስኩ። ስመለስ ረግቷል። ትሪውን ስነቀንቀው እንደ ሀይቁ ዳር ውሃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንቀጠቀጠ።

በሰያፍ ቆረጥኩት። ብረት ምጣድ ላይ ትንሽ ዘይት አድርጌ ሁለቱን ፊት ጠበስኩት። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል፣ መሃሉ ሲነከስ ይለጠጣል። ሽታው ያ የመጀመሪያው ሽታ ነው፤ ዝናብ የነካው አፈር። ሙቀቱ አልገደለውም። ከሥሩ አቮካዶውን በሎሚ ለውሼ በስሱ ዘረጋሁ። ከላይ ጤና አዳም የተነከረበት ማር፣ ማሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ቁንጥጫ ሚጥሚጣ። ማሩ በትኩሱ ቡላ ላይ ሲወርድ ቀጥኖ በየጠርዙ ይንጠባጠባል። አንዱን ቆርጬ በቆምኩበት በላሁ። ጨው መጣ፣ ማር መጣ፣ ማቃጠሉ ዘግይቶ መጣ፣ አቮካዶው አበረደው። ከሁሉም በኋላ አፌ ውስጥ የቀረው ቡላው ነበር።

ስም አላወጣሁለትም። ታናሻችን «ስም ከሌለው አይሸጥም» ትለኛለች። ለመሸጥ ገና አላሰብኩም።

ጨርቁን መመለስ

ሆሣዕና ሊደርስ ሰሞን አንድ ከሰዓት ስድስት ቁራጭ ሳህን ላይ አደረግኩ። በላዩ ሌላ ሳህን ደፋሁበት። ያቺን የነጠላ ቁራጭ፣ ታጥባና ተተኩሳ፣ ከላይ አሰርኳት። ቤታቸው ከእኔ ሦስት በር ነው። ግቢው በራፍ ላይ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ጨርቅዎን ላመጣ ነው» አልኳቸው።

«ጨርቅ ምን ያደርጋል፣ ተቀመጪ» አሉ። ቋጠሮውን ሲፈቱ ሳህኑ ገና ይሞቃል። ሽታው ወጣ። እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና ምንም አላሉም። ማንኪያ አምጪልኝም አላሉም። አንዱን ቁራጭ በጣታቸው አንስተው ማሩን አራገፉና ጠርዙን ነከሱ።

ዝም ብለው አኘኩ። እኔ ምስሩ ላይ አቀረቀርኩ፤ ድንጋይ ለቀምኩ። አፋቸውን የሚያዩ ዓይኖቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ሁለተኛውን ነከሱ። ከዚያ የተነከሰውን ቁራጭ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ መሃሉን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። እንዴት እንደሚመለስ አዩ።

«ቡላዬ ትንሽ እሳት ይቀረዋል» አሉ። «መሃሉ ላይ ጥሬ ጥሬ ይላል። ምን ያህል አማሰልሽው?»

«ክንዴ እስኪዝል።»

«ከዛለሽ በኋላ ነው እኮ የሚበስለው» አሉና ተነሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው። ከመደርደሪያው ላይ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የቡላ ቋጠሮ አወረዱ። ብረት ድስቱን ከሰሉ ላይ ጣዱ፣ ውሃ ለኩ፣ በመዳፋቸው ቡላ ዘግነው በተኑበት። ማማሰያውን ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው እጄን ከላይ ያዙት።

«አሁን ከብዷል አይደል? ተይው አትልቀቂው። ገና ነው።»